እግረ ደረቁ ነቢይ

በጨዋታ ዋዜማ ወደ ፀጉር ቤቱ የሚመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፀጉሩ አድጎበት የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ጭራሽ ፀጉር የሌለው ነው። የሚበዛው ሁለተኛው ነው። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ራሰ በራ ሰውዬ እንኳ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ሰተት ብሎ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና "ጆሮዬ ሥር ትንሽ አስተካክልልኝ" ይላል። ጆሮው ሥር ምንም የለም። ሰውዬው የፈለገው ወሬውን ነው።

የወሬው ባለቤት ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰፈሩ "ነቢዩ" ይለዋል፤ እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ቡድናችን በሜዳው ሊጫወት ሲል፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ነቢዩ አንዱን ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፎጣ አንገቱ ላይ ካሰረለት በኋላ ከመስታወቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ዕቃዎቹን ይደረድራል። የጢም ብሩሹ በረኛ ነው። አራት ጥቁር ማበጠሪያዎች ተከላካዮች ናቸው። ሁለቱ መቀሶች በግራና በቀኝ ክንፍ ይሮጣሉ። ሞተሩ የተቃጠለው አሮጌ ቶንዶስ ደግሞ የመሐል ሜዳው ግዙፍ ሰው ነው፤ ነቢዩ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው እሱን ነው። ጥርሷ የረገፈ አንዲት ትንሽ ማበጠሪያም አለች። እሷ ተቀያሪው ልጅ ናት፤ ቦታዋ ከአልኮል ጠርሙሱ ጀርባ ነው፣ ከዚያም ወጥታ አታውቅም።

ድርደራው ሲያልቅ ነቢዩ በአንድ እጁ ፀጉር እየቆረጠ፣ በሌላው ተጫዋች እያንቀሳቀሰ ነገ የሚሆነውን ይናገራል። ማን እንደሚያቀብል፣ ማን እንደሚወድቅ፣ ጎሉ በየትኛው በኩል እንደሚገባ። የሚቆርጠውን ጭንቅላት ዞር ብሎ አያይም። "እጄ ዓይን አለው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ እያወራ ሲቆርጥ የማንንም ጆሮ ነክቶ አያውቅም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደረው ሰው ሻዩን ይዞ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ግምቱ ከያዘ "ነቢይ ነው" ይባላል፤ ካልያዘም ዳኛው ይሰደባል።

ታዲያ ይህ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ስታዲየም ገብቶ ጨዋታ አያይም ቢባል ማን ያምናል? በእርግጥ ከዓመታት በፊት ሦስት ጊዜ ገብቷል። በመጀመሪያው ቀን ሊያልቅ ሲል ገባብንና ተሸነፍን። በሁለተኛው ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ስተን ተሸነፍን። በሦስተኛው ቀን የራሳችን አምበል በራሳችን ጎል ላይ አገባ። ይሄኔ ጎማ ጠጋኙ፣ የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሕዝብ ፊት ጣቱን ቀሰረበት። "አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ደረቅ ነው!" አለው። የሰማው ሁሉ ዞር ብሎ አየው።

ከዚያ ወዲህ ነቢዩ የስታዲየሙን በር አልረገጠም። የከለከለው ሕግ የለም፤ ግን ቢገባና ቢሸነፉ ማን ዕዳውን ይሸከማል? ስታዲየሙ ከሱቁ ኋላ ነው። ጎል ስናገባ ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ነቢዩ መስታወቱን በመዳፉ ደግፎ፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ደቅኖ "ማን ነው? ማን አገባው?" እያለ ይቆያል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ነው። ቢሆንም ተስማምቶበት ይኖር ነበር። ቅዳሜ የእነሱ ነው፣ ዓርብ ግን የእኔ ነው ይላል። ዓርብን ማንም አይነካብኝም ይላል።

ዓርብን የነካችበት ሚስቱ ናት።

ሱቁ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ ነው። ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ሴቶች። ወዲያ ማዶ ሚስቱ ፀጉር ታጥባለች፣ በቢጎዲን ትጠቀልላለች፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ታስቀምጣለች። ይህን ያህል ዘመን የባሏን የዓርብ ግምት በመጋረጃው እየሰማች አንድም ቀን ቃል ተንፍሳ አታውቅም፤ ካለችም "ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ጭንቅላቷን እየታጠበች ነው" ነው የምትለው። ነቢዩም ኳስ አይገባትም ብሎ ደምድሞ ነበር። ደግሞ ማን ጠይቋት ያውቃል?

ዓምና ታናሽ እህቷ ጎትታ ስታዲየም አስገባቻት። በዚያ ቀን ሦስት ለባዶ አሸነፍን። በሚቀጥለው ስትገባም አሸነፍን። ጎማ ጠጋኙ ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ "ወንድሜ፣ የሚስትህ እግር እርጥብ ነው። እባክህ እንዳታስቀራት" ሲለው ነቢዩ ከአንገት በላይ ሳቀ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ግን ምላጩን እየሳለ ሳለ ዓይኑ ፈዞ ቀረ። የእሱ እግር ደረቅ፣ የእሷ እግር እርጥብ! ሁለቱም እኮ የሚወጡት ከአንድ ቤት ነው፣ የሚረግጡትም አንድ ደረጃ ነው።

ከጨዋታ በኋላ ሚስቱ ፊቷ ወዝቶ፣ ድምፅዋ ከጩኸት ሻክሮ ትመለስ ነበር። የሱቁ በር ላይ ጥቂት ትቆማለች። ነቢዩ የዚያን ጊዜ ወደ ሬዲዮኑ ዞሮ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ሆዱ ለመጠየቅ ይሞታል። ሣሩ ዛሬም እንደ ድሮው ነው? ግዙፉ ሰው ሲሮጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል ይባላል፣ እውነት ነው? ግን ከጠየቀ ነቢዩ ማን ሊሆን ነው? ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ሬዲዮኑን ያዳምጣል። እሷም ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ከመጋረጃው ወዲያ ትገባለች።

ነገሩ የከፋው በካስኩ ምክንያት ነው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት አትሰማም፤ ጆሮዋ ላይ ነፋስ ይጮሃል። ሚስቱ ቅዳሜ ያየችውን ለደንበኞቿ ማውራት ስትጀምር መጮህ ግድ ሆነባት። ስትጮህ ደግሞ ድምፅዋ መጋረጃውን አልፎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ለተደረደሩት ወንዶች ይደርሳል። መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ ጆሮ ጣል ማድረግ ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ያለችው እየሆነ መጣ። የተናገረችው ተጫዋች ተጎድቶ ይወጣል፤ የተናገረችው ቦታ ይከፈታል። አንድ ዓርብ ነቢዩ ቶንዶሱን ከመሐል ሜዳ ወደ ፊት እየገፋ ሳለ ራሰ በራው ቆጣሪ አንባቢ እጁን አነሣና "እስቲ አንዴ ዝም በል፣ እየተናገረች ነው" አለው። ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ጆሮው ሥር ምንም ሳይኖረው፣ እንዲህ አለው።

በዚያ ቀን ሱቁ ሰው ሲያጣ ነቢዩ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ። የፀጉር ዕቃ ትሪዋ ላይ ቢጎዲኖች ተደርድረዋል፤ ቀዮቹ የእኛ፣ ቢጫዎቹ የእነሱ። ቢጎዲን ደግሞ ይቆማል። የእሱ ተጫዋቾች ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ተዘርረው የሚውሉ ናቸው፤ የእሷዎቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመው ጎል ጎሉን ያያሉ። በቢጎዲን የሚቀና ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን ቀይ ቢጎዲን በጣቱ ገፍቶ ጣለውና ደግሞ አፍሮ አነሣው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ በደረሰበት ሰዓት ነው የማዶዎች ተራ የደረሰው። ማዶዎች ከወንዙ ወዲያ ያለው ቡድን ደጋፊዎችና ተጫዋቾች በጅምላ የሚጠሩበት ስም ነው። ዓምና በገዛ ሜዳችን አሸንፈውን ሄደዋል። ያን ዕለት ጎማ ጠጋኙ "እነዚህን ሰዎች እዚሁ ሜዳችን ላይ ሳናሸንፍ ጢሜን ምላጭ አይነካውም" ብሎ ማለ። ዓመት ሙሉ አሳደገው። ጢሙ ደረቱ ላይ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲነቅል ከውስጠኛው ጎማ፣ ከካላማዳሪው ጋር እየገባ ያስቸግረዋል። "ጢሞ" ተባለና ስሙም በዚያው ጠፋ። ደጋፊው ስታዲየም ሲገባ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን የጢሞን ጢም በእጁ ዳበስ ሳያደርግ አያልፍም። የቡድናችን ገድ ማለት ያ ጢም ነበር።

ማዶዎች ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ዓርብ ሱቁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ነቢዩ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃዎቹን ሲወለውል ነበር። ይህን ዓርብ ካስመለሰ ሌላውንም ዓርብ ያስመልሳል፤ ካላስመለሰ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ፀጉር ቆራጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ አድርጎ ነው ያሰበው። ወንበሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጢሞ ራሱ።

"ነገ ሰው ፊት ነው የምቆመው፤ ማጅራቴን አሳምርልኝ" አለ ጢሞ። "ጢሜን ግን እንዳትነካ።"

"ልጅ አደረግከኝ እንዴ?" አለ ነቢዩ።

ፎጣውን አሰረ። የሚሠራውን ቶንዶስ በቀኝ እጁ ይዞ፣ በግራው የተቃጠለውን ቶንዶስ ከመሐል ሜዳ አንቀሳቀሰ። "ሁለት ለባዶ" አለ ረጋ ብሎ። "ማዶዎች መሐል ላይ ሰው የላቸውም። ይሄ የኛ ግዙፍ መሐሉን ሙልጭ አድርጎ ይላጨዋል። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ፣ ከዕረፍት በኋላ አንድ። ይኼን ይዛችሁ ግቡ።" አግዳሚው አጨበጨበ። ነቢዩ ደስ አለው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ደስ አለው።

ከመጋረጃው ወዲያ ካስኩ መጮህ ጀመረ።

"በረኛቸውን አይተሽዋል? ረጅሙን?" የሚስቱ ድምፅ ነው። "ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ጋር ወንዙን ተሻግረን ሄደን አየነው!"

ወንዙን ተሻግራ? ነቢዩ ባለበት ቀጥ አለ። ባለፈው ሳምንት "ከእህቴ ጋር ወጣ ልል ነው" ብላው ነበር። ወዴት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ወንዝ ተሻግራ የጠላትን በረኛ ስታጠና እሱ እዚህ ተቀምጦ ማበጠሪያ ሲወለውል ነበር። አግዳሚው ላይ ከነበሩት አንዱ ተነሥቶ መጋረጃው አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሌላው ተከተለው። ነቢዩም ሳይታወቀው አንገቱን ወደዚያ አስግጎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ጆሮውን አቆመ። ቀኝ እጁ ሥራውን ቀጥሏል።

"ማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር ሁለት እርምጃ ወደፊት ይወጣል!" ትላለች። "ኳሱ ካለፈው ኋላው ባዶ ቤት ነው! እዚያ ትንሹን ልጅ ቢያቆሙት!"

"ተቀያሪውን?" አለች ካስክ ሥር ያለችው።

"አዎ ተቀያሪውን! ሰው የሚያየው ቁመቱን ነው፤ እኔ የማየው የሚቆምበትን ቦታ ነው!"

ጥርሷ የረገፈውን ማበጠሪያ! ነቢዩ ወደ አልኮል ጠርሙሱ ጀርባ በዓይኑ ፈለጋት። እንዴት እሱ አላሰበውም? እንዴት እሷ አሰበችው?

እጁ ላይ የነበረው የቶንዶሱ ድምፅ ተለወጠ። ከስስ ፀጉር ወደ ጥቅጥቅ ነገር የገባ ይመስል ነበር። ነቢዩ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆርጠውን ጭንቅላት ዞር ብሎ አየ። ከጢሞ ጆሮ ግንድ እስከ አገጩ ድረስ ነጭ መንገድ ተቀድዷል። ጭኑ ላይ የወደቀውን ነገር ጢሞ አንሥቶ አገላብጦ አየው፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም። ቀጥሎ መስታወቱን አየ።

ሱቁ ውስጥ ከካስኩ በቀር የሚሰማ ድምፅ ጠፋ። "በረኛው ይወጣል፣ ልጁ ይገባል!" ትላለች ሚስቱ የሆነውን ሳታውቅ። ከዚያ የወዲህኛው ዝምታ ደነቃት መሰለኝ፣ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ጨርሰው" አለ ጢሞ ቀስ ብሎ።

"ጢሞ፣ ወንድሜ፣ እኔ..."

"ጨርሰው አልኩህ። ግማሽ ገድ የሚባል ነገር የለም።"

ነቢዩ ጨረሰው። ከጢሙ ሥር ማንም የማያውቀው፣ አገጩ ላይ ስርጉድ ያለበት፣ የልጅ የመሰለ ፊት ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰው በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ዛሬ አንድም ሰው ጥርሱን አላሳየም። ጢሞ ፎጣውን ራሱ ፈትቶ ተነሣ።

"እጅህ ዓይን ነበረው" አለው። "ዛሬ ጆሮ አበቀለ?"

ይህን ሲል ሁሉም ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። ሁሉም ገባቸው። ነቢዩ ከጢሙ ይልቅ ይኼ አሳፈረው፤ በገዛ ሚስቱ የሚቀና ሰው መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወቀበት። ጢሞ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "ከፈለግህ ነገ ስታዲየም ና ግባ። ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር የለም" አለና ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ነቢዩ የሚስቱን ወሬ አዳምጦ የራሱን ዓርብ ጣለ።

ሰው ሁሉ ሲበተን ነቢዩ መጥረጊያ አንሥቶ የወለሉን ፀጉር ሰበሰበ። የዓመት ጢም ቀላል አይደለም። ሚስቱ መጋረጃው ሥር ቆማ ታየዋለች።

"ሆነ ብለህ ነው?" አለችው።

"አይደለም።"

"እኔን ስትሰማ ነዋ።"

ነቢዩ ጠረገ፣ ጠረገ፣ የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ። በመጨረሻ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "ሁሉንም ወሰድሽብኝ" አለ። "ቅዳሜውም ያንቺ፣ ዓርቡም ያንቺ። እኔ ምን ቀረኝ? ያለኝ ዓርብ ብቻ ነበር።"

ታለቅሳለች ወይም ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ሁለቱንም አላደረገችም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ከስታዲየም ስመለስ በሩ ላይ እቆም እንደነበር ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"አንተ ሬዲዮኑን ትከፍታለህ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ 'እንዴት ነበር?' ብትለኝ ኖሮ ጆሮዋ ለማይሰማ ሴት እየጮህኩ አላወራም ነበር። ለማን ላውራው? ሬዲዮኑን ነው ያገባኸው ወይስ እኔን?"

ነቢዩ ሬዲዮኑን አየ። እውነት ነው፣ ጠይቋት አያውቅም። እሷ ያየችውን ሁሉ ከእሱ የሰረቀችው ይመስለው ነበር እንጂ ይዛለት መጥታ በር ላይ ቆማ እንደነበር አንድም ቀን አልታየውም። ቢታየውም ቅናት ጆሮ እንጂ አፍ አይሰጥም። ያን ቀን ሁለቱም አንዳቸው ከፊት አንዳቸው ከኋላ ወደ ቤት ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ነቢዩ ሱቁን ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ፣ ከጢም ብሩሹ ሥር፣ ትኬት አገኘ። የሚስቱ ትኬት ነው። ትኬት ተሽጦ ካለቀ ሰንብቷል፤ በቤታቸው ያለው ይኼው አንዱ ነው።

"ግባበት" አለችው ከመጋረጃው ወዲያ ሆና። "እኔ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ።"

ውሸቷን ነው። በጨዋታ ቀን ፀጉሯን የምትሠራ ሴት በዚህ ሰፈር የለችም። ጨዋ ባል ቢሆን "አይሆንም፣ አንቺ ሂጂ" ይል ነበር። ነቢዩም ሊል ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን ከየት ይምጣ? እጁ ቀድሞት ትኬቱን ኪሱ ከትቶታል። ሲወጣ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም፤ ካያት የሚመለስ መሰለው።

የስታዲየሙ በር ላይ ጢሞ ቆሟል። ሰው ሲያልፍ በልማድ እጁን ይዘረጋና ባዶ አገጭ ሲያገኝ ይመልሳል። ነቢዩ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሣሩን ነው። ሰፊ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከበረኛ እስከ አጥቂ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ከዚህ እስከዚያ ለመድረስ ልባቸው እስኪጠፋ ይሮጣሉ። ይህን ረስቶ ነው ያን ሁሉ ዓርብ ያወራው።

መቀመጫው ላይ ትራስ ታስሯል። ሰማያዊዋ ትራስ! ከቤት ከጠፋች ስንት ወሯ ነው። ከግራው የሚስቱ እህት ናት፣ ከቀኙ አንዲት ልብስ ሰፊ። እህትየው ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

"እሷስ?"

"ሱቅ ናት።"

እህትየው ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። ልብስ ሰፊዋ ግን ፈገግ ብላ ዞረች። "ነቢዩ እርስዎ ነዎት? ሁልጊዜ ከጨዋታው በፊት 'ባሌ እንዲህ ብሏል' እያለች ትነግረን ነበር። የእርስዎን ሳንሰማ ኳስ አይጀመርም።"

ነቢዩ ትራሷ ላይ መቀመጥ ከበደው። በዚች ቦታ፣ በእነዚህ ሴቶች መሐል፣ ከእሱ የተደበቀ ሌላ ዓርብ ኖሯል፤ እሱም በውስጡ ነበረበት። ያም ሆኖ ቀናባት። ማንም በስም ሳይጠራት ሁሉም እንደሚጠብቃት፣ ውሃ መያዣዋን የምታስቀምጥበት ጥግ እንኳ እንዳለ ሲያይ ቀና።

ጨዋታው ተጀመረ። ነቢዩ የሚወደው ግዙፍ ሰው ብዙም ሳይቆይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማለክለክ ጀመረ። መሐሉን ሊላጭ ቀርቶ በመሐሉ መቆም አቃተው። ከዕረፍት በፊት ማዶዎች አገቡ። አንድ ለባዶ። ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ዘወር አሉ፣ ቀጥሎ አራት። "እግረ ደረቁ ገብቷል" የሚል ሹክሹክታ ከታች ወደ ላይ ወጣ። ነቢዩ ሊሄድ ተነሣ። የሚስቱ እህት ኮቱን ይዛ ጎተተችው።

"ቁጭ በል። ትኬቷን የሰጠችህ ልትሸሽበት ነው?"

ቁጭ አለ። ከዕረፍት በኋላ ትንሹ ልጅ ተቀይሮ ገባ። እውነትም ትንሽ ነው፤ ማሊያው ከጉልበቱ በታች ይወርዳል። ማዕዘን ምት ተገኘ። ረጅሙ በረኛ አንድ እርምጃ ወጣ፤ ሁለተኛውን ወጣ። ኳሱ በአናቱ አልፎ ሲሄድ ኋላው ባዶ ቤት ነበር፣ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንሹ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ግንባሩን ብቻ አስነካው።

ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ ነቢዩን አቅፋ ነቀነቀችው። እሱ ግን አልተነሣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የቡድኑን ጎል በዓይኑ አይቶ መደሰት አቃተው፤ ጎሉ የእሷ ነበር። ቃል በቃል ያለችው ነው የሆነው። የሆነውንም ያየው እሱ ነው፣ ያለችው እሷ ግን አላየችም። ይህን ሲያስብ ቅናቱ መሐል ሌላ ነገር ገባበትና የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ተሳነው።

አንድ ለአንድ አለቀ። አላሸነፍንም፣ አልተሸነፍንምም፤ ስለዚህ ስለ ነቢዩ እግር ማንም ምንም መናገር አልቻለም። ጢሞ በሩ ላይ አገጩን እያሻሸ "እንግዲህ እንደ አዲስ ላሳድገው" ሲል ተሰማ።

ነቢዩ ወደ ሱቁ ሲመለስ መንገዱ ላይ ቃል ሲመርጥ ነበር። "ዕድል ነው" ብላት ይሻል ይሆን? ወይስ "በረኛው ተንሸራቶ ነው"? ማን አይቷል? ሱቅ ያለ ሰው በሬዲዮ ቢሰማም የበረኛውን እርምጃ ሬዲዮ አይቆጥርለትም። ይህን እያብሰለሰለ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

ሚስቱ በእሱ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ሱቁ ጭር ብሏል። ነቢዩ ወደ መደርደሪያው አየ።

"ሬዲዮኑ ተበላሸ እንዴ?"

"አልከፈትኩትም።"

"ውጤቱን አልሰማሽም?"

"መስታወቱ አንዴ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም" አለች። "ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

ነቢዩ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ትቆም በነበረበት ቦታ። ሲያዘጋጀው የመጣውን ቃል ሁሉ ተወው። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ከአልኮል ጠርሙሱ ጀርባ ጥርሷ የረገፈችውን ማበጠሪያ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት።

"ያልሽው ሆነ" አለ። "ሁለት እርምጃ ወጣ። እንዳልሽው።"

ሚስቱ ማበጠሪያዋን አገላበጠቻት። ፈገግታዋን ልትደብቅ ሞክራ አልቻለችም።

"እሱን ኋላ ትደርስበታለህ" አለችው። "መጀመሪያ ከመግቢያው ጀምር።"

"ለምን ከመግቢያው?"

"እኔ ስመለስ በመንገድ ላይ ላንተ የምነግርህን ሳሰናዳ ሁልጊዜ ከመግቢያው ነበር የምጀምረው።"